የባሌ አጨዳና የካምሻፍት ገበያ፦ ርካሹ ዕቃ ሲወደድ

በባሌ ደጋ ስንዴና ገብስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጨዳል። በአጨዳ ሰሞን ሮቤ ላይ የቆመ አይሱዙ ለባለቤቱ ድርብ ኪሳራ ነው፤ የጭነት ገቢው ይቀርበታል፣ ደንበኛውም ሌላ መኪና ይይዛል። ካምሻፍቱ የተበላበት ባለንብረት ብዙውን ጊዜ የሚያማትረው 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ፣ ወደ መርካቶው ሶማሌ ተራ ነው።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያገለገለ ዕቃ ይበልጥ ያማልላል። ጥንቃቄው ግን እዚህ ላይ ነው።

ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባሉት ሮቤና ጎባ ማለዳው ብርዳም ነው። ዘይት ሲወፍር ቴስታታ ላይ ለተቀመጠ ካምሻፍት ዘግይቶ ይደርሳል። ሞተሩ ሳይሞቅ ነዳጅ የሚረግጥ ሾፌር ካምሻፍቱን ይፈጀዋል።

ገዢ ከመክፈሉ በፊት የዕቃውን ቁጥር ከሞተሩ ዓይነት ጋር ያመሳክር። በጉብታዎቹ ላይ ጭረት፣ ጉድጓድ ወይም በሙቀት የመጣ ሰማያዊ ቀለም ካለ ይተወው። የጉብታውን ጠርዝ በሞረድ ይሞክር፤ የጠነከረው ሞረዱን ያንሸራትታል፣ ለስላሳው ይፋቃል። በብየዳ የተሞላ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። ቁመቱን በማይክሮሜትር ለክቶ ከአምራቹ መመሪያ ጋር ያነጻጽር፤ አለመጉበጡንም ቶርኖ ቤት ያስፈትሽ።

አዲስ ካምሻፍት ከተበላ ታፔት ጋር ከተገጠመ ዕድሜው ያጥራል፤ አብሮ መቀየር ያዋጣል። “ካልገጠመ ይመለሳል” የሚል ቃል ደረሰኝ ላይ ማስጻፍም አይረሳ፤ ከሮቤ ተመልሶ መምጣት የዕቃውን ትርፍ ይበላዋል።