ቤቢ ዮዳን በኪሮሽ ስትሠሩ እጃችሁ ይደነዝዛል?



በቅርቡ አንዲት እናት «ዶክተር፣ እጄን ብርድ መትቶታል፤ ሌሊት እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኛል» ብላ መጣች። ስናወራ ግን ነገሩ ብርድ አልነበረም። ለልጇ ልደት ከ«ዘ ማንዳሎሪያን» ተከታታይ ፊልም ግሮጉን፣ ማለትም ብዙዎቻችን ቤቢ ዮዳ የምንለውን፣ በኪሮሽ እየሠራች ነው። ማታ ማታ ሦስት አራት ሰዓት ሳትነሳ ትሠራለች።

አሻንጉሊት ለምን እጅ ያደክማል?

ጃፓኖች አሚጉሩሚ የሚሉት ይህ ሥራ ከተለመደው ዳንቴል ይለያል። ውስጡ ጥጥ ስለሚሞላ፣ ጥጡ እንዳይታይ ጠበቅ ተደርጎ ይሠራል። ለዚህም ቀጠን ያለ ኪሮሽ ይመረጣል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቀጭኗን ብረት ጨምድደው ይይዛሉ፤ አንጓም ታጥፎ ያንኑ እንቅስቃሴ ይደጋግማል።

በእጅ አንጓችን ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፉበታል። ቦታው ሲጣበብ ነርቩ ይጨመቃል፤ ካርፓል ተነል ሲንድረም የምንለው ይህን ነው። ኪሮሽ ብቻውን ያመጣዋል ማለት አይደለም። ስኳር ሕመም፣ እርግዝናና የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ያለባቸው ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ምልክቶቹ

• አውራ፣ ሌባና መሀል ጣት ይደነዝዛሉ፤ ትንሿ ጣት ግን ደህና ናት
• ሌሊት ይብሳል፣ እጅን ሲያራግፉት ቀለል ይላል

ሕመሙ በአውራ ጣት በኩል ባለው የአንጓ ጎን ከሆነና ልጅ ሲያነሱ ከባሰ ደግሞ፣ የጅማት መቆጣት ሊሆን ይችላል።

ምን እናድርግ?

1. በየ20 እና 30 ደቂቃው ኪሮሹን አስቀምጡ፤ ጣቶቻችሁን ዘርጉ፣ ትከሻችሁን አንቀሳቅሱ።
2. እጀታው ወፈር ያለ ኪሮሽ ተጠቀሙ።
3. በአንድ ማታ ልጨርስ አትበሉ። ዛሬ ጭንቅላቱን፣ ነገ ጆሮውን።
4. ጥቁር ክር በደብዛዛ መብራት አትሥሩ፤ ዓይንም አንገትም ይደክማል።
5. ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ብዙዎችን ይረዳል።

ሐኪም ጋ መቼ?

ድንዛዜው ቀንም አልለቅ ካለ፣ ዕቃ ከእጃችሁ ከወደቀ ወይም አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ፣ በቅባት እያሻችሁ አትቆዩ። ለረጅም ጊዜ የተጨመቀ ነርቭ ሙሉ በሙሉ ላያገግም ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ለልጆቹ፦ ቤት ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ሕፃን ካለ የፕላስቲክ ዓይን ወይም ቁልፍ አትጠቀሙ። ተነቅሎ ከገባ ሊያንቀው ይችላል። ዓይኑን በጥቁር ክር ጥለፉት።

ያቺ እናት ሥራዋን ተይ አላልኳትም። እጇን እያሳረፈች ትጨርሰው፤ ልደቱ ቢያልፍ እንኳ ግሮጉ አይቀየምም።

እናንተስ ምን እየሠራችሁ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ኪሮሽ ለሚወዱ ጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉ።