የፀሐይ ኃይል ባትሪ ለውጥ በዕቅድና በበጀት ሊመራ ይገባል

ከኤሌክትሪክ ዋና መስመር ርቀው በሚገኙ ቀበሌዎች የተቋቋሙ ጤና ኬላዎች፣ ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች በፀሐይ ኃይል መጠቀም ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በ2010 ዓ.ም ይፋ የተደረገው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራምም ከዋናው መስመር ውጪ የሚሰጠውን አገልግሎት የተደራሽነት አንዱ መንገድ አድርጎ አስቀምጧል።

ይሁን እንጂ ሰሌዳ በጣሪያ ላይ መተከሉ ብቻውን አገልግሎቱ ይዘልቃል ማለት አይደለም። የፀሐይ ብርሃን ሰሌዳ ከ20 እስከ 25 ዓመት ሲያገለግል፣ የሚያመነጨውን ኃይል ለሌሊት የሚያጠራቅመው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ግን እንደ አያያዙ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል። ስለሆነም በአንድ ሰሌዳ ዕድሜ ውስጥ ባትሪው ቢያንስ ሦስት ጊዜ መለወጥ ይኖርበታል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሥርዓቱ ሲተከል ወጪው በፕሮጀክት ወይም በካፒታል በጀት ይሸፈናል። ባትሪው ሲያረጅ ግን ፕሮጀክቱ ተጠናቅቋል፤ በመደበኛ በጀት ውስጥም የመተኪያ ገንዘብ ላይያዝ ይችላል። ውጤቱም ሰሌዳው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ክፍሉ መጨለሙ፣ በሌሊት ምጥ ይዟት የመጣች እናትም በእጅ ስልክ ብርሃን መረዳቷ ነው።

ባትሪ ለምን ያረጃል?

ባለ 12 ቮልት ባትሪ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት ገደማ የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች አሉት። ኃይል በወጣ ቁጥር በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት የተባለ ውህድ ይፈጠራል፤ ባትሪው በወቅቱ ሲሞላም ተመልሶ ይሟሟል። ሳይሞላ ለሳምንታት ከቆየ ግን ውህዱ ይጠጥራል፤ አቅሙም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ደመና በሚበዛበት የክረምት ወቅት ከዕቅድ በላይ የሆነ ጭነት መጠቀም ባትሪን በብዛት የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር ይታወቃል። በመሆኑም በቆላማ አካባቢዎች ባትሪን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በታፈነ ክፍል ማስቀመጥ የመለወጫ ጊዜውን ያፋጥናል።

ማርጀቱን እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

መብራት ቶሎ ጠፋ ማለት ሁልጊዜ ባትሪው አለቀ ማለት አይደለም። አስቀድሞ ሰሌዳው በአቧራ ወይም በዛፍ ጥላ አለመሸፈኑን፣ የባትሪው ጫፎች አለመዛጋቸውንና አለመላላታቸውን፣ ፊውዙ አለመቃጠሉን ማየት ያስፈልጋል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነም የውሃው መጠን መታየት አለበት፤ ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ አይደለም።

ቀጥሎ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ፣ ከሰሌዳውና ከመብራቱ ተነጥሎ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ በቴስተር ይለካል። 12.7 ቮልት ገደማ ሙሉ መሆኑን፣ 12.2 ገደማ ደግሞ ግማሽ መድረሱን ያመለክታል። ነገር ግን ያረጀ ባትሪም ሙሉ ቮልት ሊያሳይ ስለሚችል በጭነት መፈተኑ ይመረጣል። ለምሳሌ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ጤነኛ ባትሪ 60 ዋት ጭነትን ለ10 ሰዓት ተሸክሞ ግማሽ ያህል ኃይል ሊቀረው ይገባል። በሦስትና በአራት ሰዓት ከተዳከመ መለወጡ ግድ ነው። በተለምዶም ባትሪ ከተመዘገበለት አቅም ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ የመተኪያ ጊዜው እንደደረሰ ይቆጠራል።

በግዥ ወቅት ምን ይታይ?

የመጀመሪያው ጥንቃቄ የመኪና ባትሪን ከመግዛት መቆጠብ ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ከፍተኛ ኃይል እንዲሰጥ በስስ ሰሌዳዎች የተሠራ በመሆኑ በየሌሊቱ በጥልቀት ሲራገፍ ቶሎ ይበላሻል። ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም በተደጋጋሚ ስለሚለወጥ መጨረሻው ኪሳራ ነው። ስለሆነም የግዥው ዝርዝር መግለጫ «ባለ 12 ቮልት ባትሪ» ብቻ ሳይሆን ለፀሐይ ኃይል የተሠራና ጥልቅ መራገፍን የሚቋቋም መሆኑን መግለጽ አለበት።

መጠኑም በስሌት ይወሰናል። አራት ባለ 10 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት 200፣ ባለ 60 ዋት ኮምፒዩተር ለ3 ሰዓት 180፣ ስልክና ታብሌት ለመሙላት 100 ዋት ሰዓት ቢፈጁ የቀኑ ፍጆታ 480 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም በ12 ቮልት ሲካፈል 40 አምፔር ሰዓት ነው። ለሁለት ደመናማ ቀናት እንዲበቃና ከግማሽ በታች እንዳይራገፍ ከተፈለገ 160 አምፔር ሰዓት ያስፈልጋል። የሥርዓቱ ብክነት ሲታከልበት ሁለት ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች ተገቢ ይሆናሉ።

ከአንድ በላይ ባትሪ በጋራ የሚሠራ ከሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ መለወጥ አለባቸው። ያረጀው አዲሱን ስለሚጎትተው አንዱን ብቻ መተካት የቁጠባ መንገድ አይደለም። የሊቲየም ባትሪ በዋጋ ቢወደድም ዕድሜው የረዘመ ነው፤ ሆኖም ቻርጅ ኮንትሮለሩ ከእርሱ ጋር የሚስማማ መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ ይኖርበታል።

የግዥው ወቅትም ትኩረት ይሻል። የእርሳስ ባትሪ ሥራ ላይ ባይውልም በራሱ ኃይል ያጣል። በጀት እንዳይመለስ በሚል በሰኔ ወር ተገዝቶ ሳይሞላ ለወራት መጋዘን የሚቀመጥ ባትሪ በሞዴል 19 አዲስ ተብሎ ቢመዘገብም በሞዴል 22 ሲወጣ ተጎድቶ ሊገኝ ይችላል። የተሻለው መንገድ ፍተሻውን ከበጀት ጥያቄ በፊት አከናውኖ፣ ባትሪው እንደ ደረሰ ወዲያውኑ መትከል ነው።

የለውጡ ሥራ

ሥራው በሠለጠነ ባለሙያ ይከናወን። በቅድሚያ ጭነቱ ይጠፋል፤ ከዚያ ሰሌዳው ከኮንትሮለሩ ይለያል፤ በመጨረሻም የባትሪው ኔጋቲቭ ከዚያም ፖዘቲቭ ገመድ ይፈታል። አዲሱ ሲገጠም ባትሪው ቀድሞ ከኮንትሮለሩ ጋር ይገናኛል፤ ሰሌዳው ይከተላል። ኮንትሮለሩም ለአዲሱ ባትሪ ዓይነት ይስተካከላል። ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጂን ስለሚያወጣ ክፍሉ አየር የሚያስገባ ሊሆን፣ እሳትም ሊቀርበው አይገባም። የተከላው ቀን በባትሪው ላይ ቢጻፍ ለቀጣዩ ዕቅድ ይረዳል።

አሮጌው ባትሪ የት ይሂድ?

ከባትሪው ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስገነዝበው ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም፤ በተለይ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። አሲዱን መሬት ላይ አፍስሶ እርሳሱን በመንደር ማቅለጥ አፈርን፣ ውሃንና ቤተሰብን ይመርዛል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የባዝል ስምምነት አሮጌ የእርሳስ ባትሪን ከአደገኛ ቆሻሻዎች ይመድባል፤ በሀገር ውስጥም የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል። በመሆኑም ባትሪው ሳይከፈትና አሲዱ ሳይፈስ ተቆጥሮ ወደ ወረዳ መመለስ፣ በጨረታ የሚወገድ ከሆነም ከዋጋው በፊት የገዥው ፈቃድ መታየት አለበት።

በአጠቃላይ ባትሪ እንደ ሕንፃ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ ሳይሆን እንደ መድኃኒትና እንደ ነዳጅ በየጊዜው የሚተካ ግብዓት ነው። ለምሳሌ የባትሪው ዕድሜ አራት ዓመት ቢሆን የዋጋውን ሩብ በየዓመቱ አስልቶ በወረዳው ዕቅድ ውስጥ ማካተት ድንገተኛ የሚመስለውን ወጪ አስቀድሞ የታወቀ ያደርገዋል። የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች በየዓመቱ የባትሪዎችን ዕድሜ በጋራ ቢገመግሙ በመንግሥትና በሕዝብ ሀብት የተተከሉት ሰሌዳዎች ሙሉ ዘመናቸውን ያገለግላሉ።