ከሰዓት በኋላ የሚደክም ኮምፒውተር

ጠዋት እንደ ልብ የሚሠራ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ግን ስታክ እያደረገ የሚያስቸግር ኮምፒውተር ይዞ ወደ ጥገና የሚሄድ፣ በሐዋሳ አዲስ ከተማ ያለ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ይደረጋል፣ ብር ይከፈላል፤ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያው ችግር ይመለሳል። የተበላሸ ዊንዶውስ ጠዋትም ማታም ያስቸግራል እንጂ ሰዓት አይመርጥም። ሰዓት የሚመርጠው ሙቀት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ፎርማት ከማስደረጉ በፊት ፕሮሰሰሩ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ ማወቅ አለበት።

በየቢሮው የምናየው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት 65 ዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። የወሰደው ሁሉ ከሞላ ጎደል ወደ ሙቀት ይቀየራል። ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ስፋቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ከማይበልጥ የሲሊከን ቁራጭ ነው። ፕሮሰሰሩ በውስጡ የሙቀት መለኪያ አለው። እንደ ሥሪቱ 95 ወይም 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ማሽኑ ድንገት ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለ የኮምፒውተር ኅትመት እየሠሩ ካሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ማቀዝቀዣቸውን አንስቶ ነበር፤ የኤኤምዲው አትሎን ሲቃጠል የኢንቴሉ ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ ሥራውን ቀጠለ። ዛሬ የሁለቱም ኩባንያዎች ፕሮሰሰሮች በዚህ መንገድ ራሳቸውን ይጠብቃሉ። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በሌላ በኩል ግን ችግሩ በጭስ ሳይሆን በዝግታ ስለሚገለጥ ሰው ሙቀትን ትቶ ቫይረስንና ዊንዶውስን ይጠረጥራል።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ አየሩ ስስ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል ላይ ካለው 82 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ፋን በደቂቃ የሚዞረው ዙር አይለወጥም፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው አየር ግን በክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ሙቀቱን የሚሸከመው ደግሞ ያ የአየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል ላይ ከክፍሉ አየር በ40 ዲግሪ የሚበልጥ ሂትሲንክ (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠው የብረት ማቀዝቀዣ) እዚህ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል። አንዳንድ የኮምፒውተር አምራቾች በመመሪያቸው ማሽኑ የሚችለውን የ35 ዲግሪ የክፍል ሙቀት በየ300 ሜትሩ ከፍታ በ1 ዲግሪ ይቀንሱታል። በዚህ ስሌት ለሐዋሳ የሚቀረው 29 ዲግሪ ገደማ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከዚያም ይብሳል። አዲስ አበባ ከፍ ስለምትል አየሯ የባሰ ይሳሳል፤ ቅዝቃዜዋ ግን ይክሳታል። ሐዋሳ ሁለቱንም፣ ስስ አየርና ሞቃት ከሰዓትን፣ አንድ ላይ ትሸከማለች።

ወደ ፍለጋው እንግባ። ሙቀት ከፕሮሰሰሩ ተነስቶ በመካከል በሚቀባው ፔስት በኩል ወደ ሂትሲንኩ፣ ከሂትሲንኩ ወደ አየሩ፣ ከዚያ ከኬዙ ወደ ውጭ ይሄዳል። ችግሩ የትኛው ላይ እንደሆነ ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። እንደ ኮር ቴምፕ ያለ ነፃ ፕሮግራም ከፍታችሁ ከባድ ሥራ አሠሩትና የቁጥሩን አወጣጥ ተመልከቱ። ሥራው እንደጀመረ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከ50 ወደ 95 የሚዘል ከሆነ ሙቀቱ ሂትሲንኩ ላይ አልደረሰም፤ ፔስቱ ደርቋል ወይም ሂትሲንኩ በደንብ አልተቀመጠም። በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ ሂትሲንኩ ሙቀቱን ተቀብሏል፤ የጎደለው የሚወስድለት አየር ነው። ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ከሶኬት ነቅላችሁ ወዲያው ሂትሲንኩን በጥንቃቄ ብትነኩትም ያንኑ ታረጋግጣላችሁ፤ ፕሮሰሰሩ 95 እያለ ሂትሲንኩ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ መንገዱ የተዘጋው ከፔስቱ ላይ ነው።

የኬዙን ጎን ከፍቶ ቬንትሌተር ማዞር በየቢሮው የተለመደ ነው። እንደ መፍትሔ አልወደውም፤ አቧራውን ይጋብዛል። እንደ ምርመራ ግን ጥሩ ነው። ጎኑ ሲከፈት ቁጥሩ በደንብ ከወረደ ጥፋቱ የኬዙ አየር መውጫ ነው፤ ካልወረደ ሂትሲንኩ ላይ አተኩሩ።

አቧራው ደግሞ በሚታይበት ቦታ አይደለም። ፋኑ ከላይ ንጹሕ መስሎ ይዞራል፤ ፈትታችሁ ስታነሱት ከሥሩ፣ በሂትሲንኩ ቅጠሎች አናት ላይ፣ ግራጫ አቧራ ተጋግሮ አየሩን ዘግቶት ታገኙታላችሁ። በብሩሽና በብሎወር ይጸዳል፤ ብሎወር ስትጠቀሙ ፋኑ ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት።

ፔስቱ ለምን ይህን ያህል ይጠቅማል? ፕሮሰሰሩና ሂትሲንኩ ለዓይን ለስላሳ ቢመስሉም ሲገናኙ በመካከላቸው ጥቃቅን ክፍተቶች ይቀራሉ። ክፍተቱን አየር ከሞላው ሙቀት አያልፍም ማለት ይቻላል፤ መዳብ ከአየር ከ10,000 ጊዜ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። ፔስቱ ያን አየር ያስወጣል። ሲደርቅ ይሰነጠቅና አየሩ ይመለሳል። አሮጌውን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጠርጋችሁ፣ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ፣ መሐል ላይ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት ጣል ማድረግ ይበቃል፤ ሲጫን ራሱ ይዘረጋል። ሲበዛ ሙቀቱን ይከለክላል እንጂ አያሻሽልም።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የኢንቴል ሂትሲንክ በአራት የፕላስቲክ ፒኖች ይያዛል፤ አንዷ በደንብ ሳትገባ ከቀረች በአንድ በኩል ይነሳና ከጽዳቱ በኋላ ሙቀቱ የባሰ ይሆናል። ማዘርቦርዱን ከጀርባ አይቶ አራቱም መውጣታቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በብዙ የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ደግሞ የደረቀ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከሂትሲንኩ ጋር ያጣብቀዋል፤ ወደ ላይ ብቻ ከተጎተተ ከነፒኖቹ ተነቅሎ ይመጣል። ማሽኑን ጥቂት አሠርቶ ማሞቅ፣ አጥፍቶ መንቀል፣ ከዚያ ሂትሲንኩን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ማላቀቅ ይሻላል።

ማንም ሳይነካው የሚሞቅ ማሽን ካጋጠማችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። በፍላሽ የገባ ቫይረስ ፕሮሰሰሩን ያለ እረፍት ሊያሠራው ይችላል፤ ይህን ፔስት አያድነውም።

ሁሉም ተጸድቶ፣ ፔስቱም ተቀይሮ የመጋቢት ከሰዓት አሁንም የሚከብደው ማሽን ይኖራል። ለእሱ በዊንዶውስ የፓወር ኦፕሽን ውስጥ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 ማውረድ ነው። ይህች አንድ ቁጥር በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ቱርቦ የሚባለውን ተጨማሪ ፍጥነት ታጠፋለች። ቱርቦ ፍጥነቱን ለመጨመር ቮልቴጁንም ከፍ ያደርጋል፤ የሙቀቱ መጠን ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ ቱርቦው ሲጠፋ ሙቀቱ በብዙ ይወርዳል። ደብዳቤ ለሚጽፍና ፎቶ ኮፒ ለሚያነሳ ቤት የጠፋችው ፍጥነት አትታወቅም።