ስለ ባለ ሳተላይቱ የእጅ ሰዓት



በድሬዳዋ ከተማ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ በከዚራ ዛፎች ሥር የሚያልፍ ሰው፣ ሥራ ከመግባታቸው በፊት የሚሮጡ ወንዶችንና ሴቶችን ማየቱ አይቀርም። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በእጃቸው ያሰሩት ሰዓት እንደ ቀድሞው ጊዜን ብቻ የሚቈጥር አይደለም። የተሮጠውን ርቀት፣ የተወጣውን ዳገት፣ የልብንም ትርታ ይመዘግባል። መሣሪያው ከታላላቅ ሯጮች እጅ ወደ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እጅ መሻገር ስለ ጀመረ፣ አሠራሩንና የዕውቀቱን ልክ መረዳት ጠቃሚ ነው። የዕውቀቱን ልክ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሰዓቱ የት እንዳላችሁ ያውቃል፤ ምን እንደሚመጣባችሁ ግን አያውቅም። በድሬዳዋ ዙሪያ ደግሞ ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት። ጂፒኤስ የሚባለው አገልግሎት የአሜሪካ መንግሥት ነው፤ የመጀመሪያው ሳተላይቱ እ.ኤ.አ. በ1978 ተተኮሰ፣ ሥራውም በሙሉ የተደራጀው በ1995 ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ እያንዳንዳቸው በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ምድርን ይዞራሉ። በሆዳቸው የተሸከሙት እጅግ ትክክለኛ የሆነ የአቶም ሰዓት ነው። «ይህን መልእክት የላክሁት በዚህ ቅጽበት ነው» እያሉ ሳያቋርጡ ይናገራሉ፤ በእጃችሁ ያለው መሣሪያም መልእክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ ርቀቱን ያገኛል። የአገራችን ሰው «የግማሽ ቀን መንገድ» እያለ ርቀትን በጊዜ ሲለካ እንደ ኖረ ሁሉ፣ ሳተላይቱም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ልዩነቱ መልእክቱ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ መሆኑ ነው። በዚህም ምክንያት የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ብትሳሳት ስሕተቱ 300 ሜትር ይሆናል። የእጅ ሰዓታችን እንዲህ ያለ ጥራት ስለሌለው፣ ስፍራን ለማወቅ ሦስት ሳተላይት አይበቃውም፤ የራሱን የጊዜ ስሕተት የሚያርምበት አራተኛ ያስፈልገዋል። የዛሬዎቹ ሰዓቶች በዚህ ላይ የሩስያን ግሎናስ፣ የአውሮፓን ጋሊልዮና የቻይናን ቤይዱ ጭምር ያዳምጣሉ።

እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ አሜሪካ ለሲቪል ሰዎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብላ ታዛባው ስለ ነበር ስሕተቱ እስከ መቶ ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ ከቀረ ከሦስት ዓመት በኋላ ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ለሯጮች የተሠራውን ፎርራነር የተባለ የእጅ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በገላጣ ሜዳ ላይ ስሕተቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው።

ገላጣ ሜዳ ያልነው አስበን ነው። ከከተማው በስተደቡብ ወደ ደንገጎ የሚወጣው ተራራ በኖራ ድንጋይ ገደልና በሸለቆ የተሞላ ነው። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የሳተላይቱ ድምፅ ገደሉን መትቶ ይመለሳል፤ ሰዓቱም የተመላለሰውን መንገድ ቀጥተኛ መስሎት ሯጩን በገደሉ ማዶ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ማታ በካርታው ላይ መስመራችሁ እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ ብታዩት አትደነቁ። ከመነሣታችሁም በፊት ሰማይ በሚታይበት ስፍራ ቆማችሁ ሰዓቱ ሳተላይቶቹን እስኪያገኝ ድረስ መታገሥ ይገባል።

የከፍታው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከራሳችን በላይ እንጂ ከእግራችን በታች ስለሌሉ፣ ጂፒኤስ ከፍታን የሚለካው ስፍራን ከሚለካው ባነሰ ጥራት ነው። የተሻሉት ሰዓቶች በዚህ ፈንታ ባሮሜትር፣ ማለት የአየር ግፊት መለኪያ አላቸው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ ላይ በየ10 ሜትሩ ዳገት ግፊቱ በአንድ ሄክቶፓስካል ያህል ይቀንሳል። ዳሩ ግን የአየር ግፊት በራሱ ጊዜም ይለዋወጣል። እንደ እኛ ባሉ የሞቃት ቀበሌ አገሮች ግፊቱ ጧት አራት ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። በዚህ የተነሣ ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛው ያልተነሣ ጸሐፊ፣ በሰዓቱ መዝገብ ሃያና ሠላሳ ሜትር ዳገት ወጥቶ ሊገኝ ይችላል። መድኃኒቱ ከፍታው በታወቀ ስፍራ ላይ ቁጥሩን ማስተካከልና ከዚያ መነሣት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን በእኔ አስተያየት የልብ ትርታ ነው። በሰዓቱ ሆድ በኩል አረንጓዴ ብርሃን ይበራል፤ ደም ይህን ብርሃን ስለሚውጥ፣ ልብ በመታ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል፤ መሣሪያውም ይህን ይቈጥራል። ማሰሪያው ከላላ ቁልቁለት ላይ የእግራችሁን ምት ለልብ ትርታ ሊቈጥረው ስለሚችል፣ በሩጫ ጊዜ ከእጅ አንጓ አጥንት አንድ ጣት ከፍ አድርጎ ጠበቅ ማድረግ ያሻል። በዳገት ላይ በኪሎ ሜትር ስንት ደቂቃ ፈጀብኝ ማለት ከንቱ ነው፤ ልብን መጠየቅ ይሻላል። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስና ሲያልፍ፣ ልብ ጡንቻን ከመመገብ ጋር ቆዳን የማቀዝቀዝ ሥራ ይጨመርበታል። በጥር አሳምሮ የሮጠ ሰው በዚያው ፍጥነት በሰኔ ሲሮጥ ትርታው ያሻቅባል። ይህን ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንስ እንጂ ከሰዓቱ ጋር እልህ አይጋባ። ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ የሚገኘው የትርታ ጣሪያ ግምት መሆኑም አይዘንጋ፤ ለአንዱ አሥር ሲያጎድል ለሌላው አሥር ያተርፋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ወይም በሙቀት መካከል ብርድ ብርድ ማለት ከተሰማችሁ ግን፣ ሰዓቱ ምንም ይበል ምን፣ ወደ ጥላ ገብታችሁ ሰውነታችሁን በውሃ አቀዝቅዙ።

አሁን ወደ ደቻቱ እንምጣ። አሸዋማው ወንዝ በበጋ ደረቅ፣ ለእግርም ለስላሳ ስለ ሆነ ለሯጭ የሚያጓጓ ነው። ነገር ግን በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ይኸው ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የከተማው ሕዝብ አልረሳውም። ውሃው የሚመጣው ከተማው ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ በደጋው ላይ የዘነበው ወርዶ ነው። አንዳንድ ሰዓቶች የአየር ግፊት በድንገት ሲወርድ «ዐውሎ ነፋስ ሊመጣ ነው» የሚል ደወል ያሰማሉ። ይህ ደወል የሚናገረው ባላችሁበት ስፍራ ስላለው አየር ነው እንጂ፣ ከብዙ ኪሎ ሜትር በላይ ተራራው ራስ ላይ ስለ ወረደው ዝናብ አይደለም። በክረምት ወራት፣ በደቡብ በኩል ደጋው ጠቍሮ ከታየ፣ ሰማያችሁ ጠርቶ ሰዓታችሁም ዝም ቢል፣ ወደ ወንዙ አትውረዱ። በሸለቆም ውስጥ ካላችሁ ከብት ጠባቂው የሚላችሁን ስሙ፤ እርሱ ያደገው እዚያው ነው።

ከሩጫ ውጭ በዘወትር ሲታሰር የመጀመሪያው ችግር የሰዓት አቈጣጠር ነው። መሣሪያው ጊዜን ከሳተላይት ስለሚቀበል፣ እኛ ጧት አንድ ሰዓት ስንል እርሱ 7:00 ይላል። በእጅ ማዛወር የሩጫውን መዝገብ ያበላሻል። ሁለተኛ የሰዓት ቀጠና የሚያሳይ ዓይነት ከሆነ ግን ቀላል ዘዴ አለ፤ የአርጀንቲና ዋና ከተማ ቡዌኖስ አይሬስ ሰዓቷ ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለ ሆነ፣ እርስዋን መርጦ በ12 ሰዓት አቈጣጠር ቢያደርጉት ልክ የአገራችንን ሰዓት ይነግራል። ከአጠገቡ የሚታየውን የቀንና የማታ ምልክት ብቻ እንዳላያችሁ እለፉት።

ሰዓቱ በቀን 10,000 እርምጃ ካልሞላችሁ ሊነዘንዛችሁ ይችላል። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ለተሸጠ የእርምጃ መቍጠሪያ ከወጣለት ስም የመነጨ ነው እንጂ የሐኪም ትእዛዝ አልነበረም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው ምክር በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ከለገሐሬ ወይም ከሳብያን ቢሮ ድረስ በእግር የሚመላለስ ሰው ሳያውቀው ያሟላዋል። በበርጫ ላይ ሆኖ ትርታው ከፍ ብሎ የሚያይ ሰው ግን እንደ ስፖርት አይቍጠረው፤ ጫት ልብን ያፈጥናል።

ሌላው የምሥጢር ነገር ነው። ስትራቫ የተባለው ኩባንያ የሯጮችን መስመር ሰብስቦ በዓለም ካርታ ላይ አትሞት ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በበረሃ የተሰወሩ የጦር ሰፈሮች ቅርጽ ከወታደሮቹ ሩጫ መታወቁ ብዙ አነጋግሯል። የእናንተም መስመር ሁልጊዜ ከበራችሁ ከጀመረ፣ ቤታችሁንና ከቤት የምትወጡበትን ሰዓት ለማያውቃችሁ ሰው ይነግራል። ስለዚህ መዝገባችሁን ለራሳችሁ ብቻ እንዲታይ አድርጉ፤ ወይም ከበሩ ሁለትና ሦስት መቶ ሜትር ከራቃችሁ በኋላ ቁልፉን ተጫኑ።

ባትሪው በዘወትር አገልግሎት ሳምንትም ሊቈይ ይችላል፤ ጂፒኤሱ ሲበራ ግን ዕድሜው በሰዓታት ይቈጠራል። ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው በዋዜማው ይሙላው፤ ሲመለስም ማሰሪያውን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ያድርቀው። የድሬዳዋ ላብ ጨው ነው፤ ሳይታጠብ ከታሰረ ቆዳን ያቈስላል።