የዓሣ ዘርና የበሽታ መከላከያ ኃይል

«ዘር ከልጓም ይስባል» ብለው አባቶች የተናገሩት ስለ ሰው ጠባይ ነው፤ ዳሩ ግን ነገሩ በውሃ ውስጥ በሚኖር ፍጥረትም የሚሠራ መሆኑን የዛሬ ዘመን ሊቃውንት መርምረው አግኝተውታል። በአንድ ስፍራ በሚረቡ ዓሦች ላይ በሽታ በተነሣ ጊዜ አንዱ ይሞታል፤ በዚያው ውሃ የኖረ፣ ያንኑ ምግብ የበላ ጎረቤቱ ግን ይድናል። ከምክንያቶቹም አንዱ ከአባትና ከእናት የተወረሰው ዘረ መል ነው።

ለዚህ ነገር ኖርዌይ መልካም ምስክር ናት። የዚህች አገር ሰዎች ሳልሞን የተባለውን ዓሣ በባሕር ውስጥ በመረብ አጥረው ያረባሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓመት ከስኮትላንድ ከመጡ የዓሣ ጫጩቶች ጋራ ፉሩንኩሎሲስ የሚባል በሽታ ገባ፤ ይህም ኤሮሞናስ ሳልሞኒሲዳ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ለዚህና ቀድሞ ለነበሩት በሽታዎች አርቢዎቹ ከምግብ ጋራ መድኃኒት መቀላቀልን ስላበዙ፣ በ1987 ዓመት ለዓሣ የዋለው የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት 50 ቶን ያህል ደረሰ። መድኃኒት ሲበዛ ግን ባክቴሪያው ይለምደዋል፤ ኋላም አይበገርለትም።

ከ1990 ወዲህ ባሉት ዓመታት እያንዳንዱ ዓሣ ወደ ባሕር ከመውረዱ በፊት ሆዱ ላይ በመርፌ እንዲከተብ ተደረገ። ዛሬ የዓመቱ ምርት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሲሆን፣ የመድኃኒቱ መጠን ከ1 ቶን በታች ወርዷል።

ይሁን እንጂ ክትባት በየትውልዱ እንደገና ይሰጣል፤ የተወረሰ ኃይል ግን ከወላጅ ወደ ልጅ ይሻገራል። ኤም ኤች ሲ የሚባሉት ዘረ መሎች ሥራ ይህን ያስረዳል። ባክቴሪያ ወደ ሰውነት ሲገባ፣ በእነርሱ ትእዛዝ የተሠራው አካል የጠላትን ቍራጭ ይዞ ለደም ዘበኞች ያሳያል፤ ዘበኞቹም አይተው ለውጊያ ይነሣሉ። እነዚህ ዘረ መሎች ብዙ ዓይነት ስለ ሆኑ፣ አንዱ ሊይዘው ያልቻለውን ቍራጭ ሌላው ይይዘዋል። በ2001 ዓመት በወጣ ምርመራም፣ ከዚህ ወገን አንዳንዱን ዓይነት የወረሱ ሳልሞኖች ፉሩንኩሎሲስን ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚቋቋሙ ታይቷል።

አርቢዎቹም ዘር ሲመርጡ በብልሃት ነው። ከየቤተሰቡ ጥቂቶቹን ለብቻ አግልለው በሽታውን ያስይዟቸዋል፤ ብዙዎቹ የዳኑለትን ቤተሰብ ያውቁና በሽታ ያልነካቸውን ወንድሞችና እኅቶች ለዘር ያስቀራሉ። ነገር ግን ሁሉን ከአንድ ቤት ብቻ ማርባት አደጋ አለበት፤ ለአንዱ በሽታ የበረታ ዘር ለሌላው ሊሸነፍ ይችላልና፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ሁሉም አብሮ ይጠፋል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች የሚኖረው ቆሮሶ ዛሬ በብዙ የዓለም አገሮች የሚረባ ዓሣ ነው፤ በእስያ ኩሬዎችም ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ብዙውን ፈጅቶታል። ስለዚህ ሥልጣኑ በእጃቸው ያለ ሁሉ፣ የዓሣ ጫጩት ከሐይቅ ወደ ኩሬ ወይም ከውጭ አገር ሲዛወር አስቀድሞ ጤንነቱን ማስመርመር፣ የየሐይቁንም ዘር ሳይደባለቅ ማስጠበቅ ይገባቸዋል። ኖርዌይ በ1985 ዓመት ያስገባችውን በሽታ ለመግታት ብዙ ዓመት ደክማበታለች፤ በር ላይ መመርመር ግን የጥቂት ቀን ሥራ ነበረ።