ልጆቹን ማን ይያዝ?

አንባቢ ሆይ፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ መወርወሪያውን ሳይጥል ልጁን በዓይኑ ይጠብቃል። እርስዎ ግን በጧት ከጉለሌ ወደ መሥሪያ ቤትዎ የሚወርዱ ከሆነ፣ ልጆችዎን ማን ይዞልዎት ይውላል?

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ይህ ጥያቄ በየቤቱ ገባ። ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር፤ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛም ከቤቱ እንዲሠራ ተነገረው። ከቤት መሥራት ግን ልጅ መያዝ አይደለም። አባት ደብዳቤ ሲያረቅ፣ እናት ስልክ ስትመልስ፣ የሦስተኛ ክፍሉ ልጅ የማባዛት ሒሳቡን ይዞ ይጠብቃል። በደኅናው ጊዜ «እስቲ ለአንድ ሰዓት ያዙልኝ» ተብሎ ለጎረቤት ይሰጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ጎረቤትም ተፈራ።

ሸክሙ ታዲያ በማን ላይ ወደቀ? በብዙ ቤት በሠራተኛዪቱ ላይ ነው። ከገጠር መጥታ፣ ቀን ልጅ ስትይዝ ውላ፣ ሲመሽ ደብተሯን ይዛ የማታ ትምህርት የምትሄድ ብዙ ናት። የቀኑ ትምህርት ሲዘጋ የማታውም አብሮ መዘጋቱን ስንቶቻችን አስተዋልን? ለራስዋ የሚያስጠናት ሳይኖር ሌላውን አስጠኚ ተባለች።

አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ መልካም ነው። ነገር ግን ማቆያው የጨቅሎች እንጂ የተማሪዎች አይደለም።

ስለዚህ ሠራተኛ ካለችዎት፣ ልጅዎ በሚያጠናበት ጠረጴዛ አንድ ወንበር ይጨምሩላት፤ የልጁን ሒሳብ ሲያዩ የእርስዋንም ደብተር ይዩ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በማግሥቱ ከቢሮ ደውለው «ምን አጠና?» ሲሉ የምትመልስልዎት እርስዋ ናት።