ከዶክትሬት ወዲያ ያለው በር

በሥነ ሕይወትና በሕክምና ሳይንስ የምንማር ብዙዎቻችን ዶክትሬትን የመንገዱ መጨረሻ አድርገን እናወራለን። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የራሱን ላቦራቶሪ ለመምራት የሚሻ ሰው ከዶክትሬቱ በኋላ ጥቂት ዓመታት በሌላ ሊቅ ላቦራቶሪ በተመራማሪነት ይሠራል፤ ይህም «ፖስትዶክ» ይባላል። ተማሪ አይደለም፤ ፈተና የለበትም። ፕሮፌሰርም አይደለም፤ ውሉ ሲያልቅ ደመወዙም ያልቃል።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? የጀርመናዊውን የጌዎርግ ኮህለርን ታሪክ እንመልከት (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በ1974 ወደ ካምብሪጅ፣ ወደ ሴዛር ሚልስታይን ላቦራቶሪ ሲሄድ ገና ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሚልስታይን የካንሰር ሴሎችን እርስ በርስ የማዋሐድ ልምድ ነበረው፤ ኮህለር ደግሞ በሽታ የሚከላከሉትን ፀረ እንግዳ አካላት የሚመለከት ጥያቄ ይዞ መጣ። በ1975 ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራን ሴል ከካንሰር ሴል ጋር አዋሕደው፣ ሳይሞት እየተባዛ አንድ ዐይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ የሚያመነጭ ሴል አገኙ። ዛሬ ብዙ መድኃኒትና የበሽታ መመርመሪያ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። በ1984 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ጥያቄው ከአንዱ፣ የእጅ ሙያው ከሌላው፤ የፖስትዶክ ምስጢር ይኸው ነው።

ገንዘቡን ማን ይሰጣል? ኮህለርን የረዳው የአውሮፓ የሞለኪውል ባዮሎጂ ድርጅት፣ በአጭሩ ኤምቦ፣ እስከ ሁለት ዓመት ይረዳል፤ ዜግነት አይጠይቅም፣ አገር መቀየርን ግን ግድ ይላል። መቀመጫውን ስትራስቡርግ ያደረገው የሂዩማን ፍሮንቲየር ፕሮግራም ሦስት ዓመት ሰጥቶ፣ በዶክትሬት ከሠሩት ርቆ አዲስ አቅጣጫ መያዝን ይሻል። የጀርመኑ ሁምቦልት ከ6 እስከ 24 ወር ይረዳል፤ ለየአገሩ የተመደበ ኮታም የለውም። በአሜሪካ ግን ኤፍ 32 የሚባለው የመንግሥት እርዳታ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ስለ ሆነ፣ የእኛ ሰው በእርሱ ቀኑን ባያጠፋ ይሻላል፤ እዚያ የተለመደው መንገድ የላቦራቶሪው ኀላፊ ከራሱ የምርምር ገንዘብ መቅጠሩ ነው።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን ቀዳሚው ነገር የተቀባዩ ፈቃድ ነው። ስሙ ብቻ እየተቀየረ ለሃያ ፕሮፌሰር የሚላክ ደብዳቤ ከቅርጫት አያልፍም (ስንቱ እንዲህ እንደሚጻፍ እናውቃለን!)። ሰውየው የጻፈውን አንብቦ፣ «እዚህ ላይ ይህን ብጨምርስ?» የሚል ደብዳቤ ግን ይነበባል።

ስለ መመለስም እንናገር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ከዚያ የእንዶድ ምርምር ተወለደ። በአሜሪካ የተማሩትን ሳይንስ ያዋሉት በአገር ወንዝ ላይ ነበር። በእኛ አስተያየት ውጭ የሚሄድ ሰው የአገሩን ጥያቄ ይዞ ቢሄድ መመለሻው ይቀልለታል። ስለዚህ ውሉን ከመፈረሙ በፊት፣ የጀመረውን ጥናት ሲመለስ ይዞት መምጣት ይችል እንደ ሆነ ኀላፊውን ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።